መልስ ያላገኘ ዋጋ

ከሚሴ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዑሙልኸይር ሙኽታር
አዳማ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽን ከሁሉ አስቀድመሽ ሰላም በይልኝ። ሰላምታ ማርዘም እንደማልወድ እሷ ታውቃለች።

ቤቱ አልተሸጠም። ገዢ ጠፍቶ አይደለም፤ መጥቷል።

ንግግራችን በስልክ ይሁን ያልሽውን አልቀበልም። ጆሮዬ ስልክ አይሰማም። ጎረቤት ተቀብሎልኝ እየጮኸ ሲደግምልኝ የእናትሽ የኩላሊት ሕመም የሰፈር ወሬ ይሆናል። ማንም ሳያስተምረኝ፣ በሰንበቴ ገበያ በጆንያና በመኪና ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ፊደል የለየሁት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ሙጂብ ሽንኩርት ጭኖ ከአዳማ ይመላለሳል፤ አንድ ወረቀት አይከብደውም።

ገዢው ጀይላን ይባላል። እህል ነጋዴ ነው፤ የጨፋ ማሽላ ገና ሳይታጨድ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው። ብቻውን አልመጣም። ግንበኛ ከነቱንቢው፣ ደላላ ከነምላሱ አስከትሎ ነው የገባው።

«አባ፣ አካም ቡልታን?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ነጋያ። ግቡ።»

ከመቀመጣቸው በፊት የቤቱን ዐይብ፣ ጉድለቱን ሁሉ፣ ነገርኳቸው። የጀርባው ግድግዳ ከቁም ሳጥኑ በስተኋላ ተሰንጥቋል። መካከለኛው ምሰሶ ምስጥ ገብቶበታል። ነሐሴ ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ውኃው ግቢ ይገባል፤ አንዳንድ ዓመት ደፉን ያልፋል። ግንበኛው ቱንቢውን ሳይፈታ መልሶ ኪሱ ከተተው። የሚፈልገውን ሁሉ ስለነገርኩት ሥራ አጣ።

ከዚያ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ የጀይላንን እጅ ከሥሩ ያዝኩ። ልጅ ሆነሽ ሰንበቴ ስወስድሽ አይተሻል። ከብት ስንሸጥ ዋጋውን የቆመ ሰው ሁሉ እንዳይሰማው፣ በፎጣ ሥር ጣት እየጨበጥን ነው የምንነጋገረው። አንዱ ይጨብጣል፣ ሌላው ጨብጦ ይመልሳል። መልስ ያላገኘ ዋጋ እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በማንም ላይ አይጠቅሰውም። ጀይላን አባቱ ከብት ነጋዴ ስለነበር ያውቀዋል። ዋጋዬን ጨበጥኩለት። ሳቀ።

«አባ፣ በሬ ነው እንዴ የምገዛው? ሁሉም እዚህ አለ እኮ» ብሎ ስልኩን አወጣ። ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቤት በስንት እንደሄደ፣ የአስፋልቱ ዳር ቦታ በካሬ ስንት እንደሚጠራ፣ አንድ በአንድ ጆሮዬ ሥር አነበበልኝ። «ይኸው! እርስዎ ያሉት ዋጋ ስንጥቅም ምስጥም ለሌለበት ቤት ነው። ዐይቡን ራስዎ ነግረውኛል፤ እንግዲህ ይቀንሱልኛ!»

«ቀንሻለሁ። የጨበጥኩልህ የተቀነሰው ነው።»

«ያልተቀነሰው ስንት ነበር ታዲያ?»

«እሱ የደህና ቤት ዋጋ ነው። ይሄ ደህና ቤት አይደለም አልኩህ እኮ።»

ደላላው ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን አልቀለድኩም። ለአንድ ስንጥቅ ሁለት ጊዜ አልቀንስም። ጀይላንም ከእኔ ያነሰ የራሱን ዋጋ ጠርቶ ሄደ። እናትሽ ትፍረድ።

አባትሽ ሙኽታር


አዳማ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ

አባዬ፣ ወዐለይኩም ሰላም። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። ሐኪም ቤት እያደርኩ ነበር፤ ለክፉ አይደለም፣ አይደንግጡ።

እማ ሰላም ብላዎታለች። ደብዳቤዎን ቀስ ብዬ አነበብኩላት። ስንጥቁ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና «ቁም ሳጥኑን ማን አንቀሳቀሰው? ብቻውን ከሆነ ወገቡን ሰብሯል» አለች። ከዚያ «ሰውየው ዘይቱኔን አየው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ፍሬ ይዞ እንደሆነ ይጻፉላት።

አባ፣ አይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልበል። የዛሬ ገዢ እንደ ድሮው አይደለም። ቤቱን ሳያይ ቤቱን አውቆት ይመጣል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ከፍ አድርጎ ይጠራና ቀስ እያለ ይወርዳል። እርስዎ መጨረሻ የሚደርሱበትን ዋጋ መጀመሪያ ላይ ይናገራሉ። መጨረሻው መሆኑን ገዢው በምን ይወቅ? ትንሽ ቢጨምሩበትና ኋላ ያንኑ የጨመሩትን ቢቀንሱለት እሱም አሸነፍኩ ብሎ ደስ ይለዋል፣ እርስዎም የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ቢቻል ደግሞ ሌላ ገዢ ሲመጣ የምሰሶውን ነገር ራሱ እስኪያገኘው ቢተዉት።

ስለ እማ የኩላሊት እጥበት በሌላ ደብዳቤ በደንብ እጽፋለሁ። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው።

ልጅዎ ዑሙልኸይር


ከሚሴ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዑሙልኸይር

ቁም ሳጥኑን ያንቀሳቀስኩት ብቻዬን ነው። ወገቤ አልተሰበረም። ዘይቱኑ ፍሬ ይዟል፤ ወፍ ቀድሞኛል እንጂ እልክላት ነበር። ይህን አንብቢላት።

የሚቀጥለውን ግን አታንብቢላት። ጀይላን ዛፉን አይቶታል። ይቆረጣል አለ፤ በቦታው ሱቅ ሊያቆም ነው።

ሦስት ጊዜ የነበረው እንዴት ሁለት ሆነ? ሐኪም ያዘዘውን ሐኪም ነው የሚቀንሰው። እሱ ከሆነ የቀነሰው ምን ብሎ እንደቀነሰ ጻፊልኝ። ገንዘቡ አልቆ ከሆነም በግልጽ ጻፊ። ይህ ቤት የሚሸጠው ለዚያ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ሸጬ ከሽያጩ ምንም ሳልነካ አመጣላታለሁ።

ስለ ዋጋው ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት ጠርቼ ወደ እውነት መውረድ አልችልም፤ አልለመድኩትም። በሰንበቴ የምትራገጥ ላም ስትመጣልኝ ትራገጣለች ብዬ ነው የሸጥኩት። ባለቤቶቿ ይሰድቡኝ ነበር። ከአፋር ቆላ የሚመጡት ገዢዎች ግን ሙኽታር ያሻሻጠውን ከብት ጥርሱን ከፍተው አያዩም ነበር። አሁን በስተርጅና፣ ለዚያውም ለእናትሽ መታከሚያ፣ የተሸፈነ ምሰሶ ልሸጥ? እንዲህ ያለ ገንዘብ ደሟ ውስጥ ሊገባ ነው?

የእናትሽን ውክልና ላኪልኝ። ካርታው በሁለታችን ስም ነው፤ ያለ ፊርማዋ ማንም ቀብድ አይሰጠኝም። ቶሎ ይሁን።

አባትሽ ሙኽታር


አዳማ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ

አባዬ፣ ሙጂብ መኪናውን አስነስቶ ስለሚጠብቀኝ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ውክልናውን ለማስጻፍ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ወረፋ አለ አሉኝ፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም። እንደገና እሄዳለሁ።

እጥበቱ ያደክማታል። ሲያደክማት አንዳንዴ እናሳልፈዋለን። ሐኪሙም ያውቃል። ገንዘቡ አላለቀም፤ ይህን ቃል በቃል እንድጽፍ እማ አዝዛኛለች።

ክረምቱ ከብዷል ይላሉ። «ከምሰሶው ሥር አይተኛ፣ ፊት ለፊት ወዳለው ክፍል ይውጣ» ብላለች። ምን እየበሉ እንደሆነም ጠይቂው ብላኛለች። እባክዎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ዑሙልኸይር


ከሚሴ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዑሙልኸይር

ቂጣ እበላለሁ። እተኛ የነበረውም እዚያው የነበርኩበት ነው፤ አሁን ግን ውኃ ገብቶ ወጥቻለሁ።

ቦርከና ሞላ። ሌሊት ግቢ ገባ፣ ጠዋት ደፉን አለፈ። እቃውን አልጋ ላይ አውጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጀይላን የጎማ ቦቲ ተጫምቶ መጣ። ሊረዳኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ሊያይ ነው የመጣው።

«እንዳሉት ነው አባ። ደፉን አልፏል» አለ።

«ዋሽቼህ አላውቅም።»

«ዋሹኝ አላልኩም። እርስዎ እውነተኛ ሰው ነዎት፤ ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። ዋጋውን ግን እውነተኛነትዎ አያስጨምረውም።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እንድሰማ። «እኔ መጠበቅ እችላለሁ። ቤቱም ይጠብቃል። እማማ ሳቢራ ናቸው መጠበቅ የማይችሉት። እጥበቱን እየቀነሱ መሆኑን ልጅዎ ደውላ ነግራኛለች።»

ውኃው ቅልጥሜ ላይ ነበር። ትቼው ዞሬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ገዢ ግድግዳዬን ቢያውቅ ግድ የለኝም፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። ምሰሶዬን ይወቅ፣ ወንዙን ይወቅ። የእናትሽን ሕመም እንዲያውቅ ግን አልፈቀድኩም። እሱ የቤቱ ዐይብ አይደለም። አንቺ ከቤቱ ዐይቦች ጋር ደርድረሽ ሰጠሽው፤ እሱም እንደ ስንጥቁ ሊቀንስበት መጣ።

ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አትደውዪ። ውክልናውን ላኪ። ሲስተም የሚባለውን ነገር ደግመሽ አትጻፊልኝ።

ሙኽታር


አዳማ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ

አባዬ፣ ከደብዳቤው ግርጌ «አባትሽ» የሚለውን እንደተዉት አይቻለሁ። የሚገባኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

የደወልኩለት ልለምነው ብዬ ነበር። ሰው ነው፣ የእማን ነገር ቢሰማ ያዝናል፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እርስዎም ትንሽ ዝቅ ይላሉ ብዬ ነው። እሱም በስልክ አዝኖልኝ ነበር፤ «አይዞሽ እህቴ» ብሎኛል። የነገርኩትን በገበያ ይዞት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እማ ይህን ስትሰማ ከእርስዎ የበለጠ ተቆጣችኝ። «ምን አስደወለሽ? አባትሽ እንደሆነ አይቀንስም» አለችኝ። ስትለው ደስ ያላት ይመስል ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን አልጽፍም፤ አስምላኛለች።

መውሊዱ እንዴት አለፈ? ውኃው ከቤት ወጣ? ወለሉ ሳይደርቅ ፍራሹን እንዳይመልሱት ብላለች። ትንሽ ስለምትተኛ ብዙ አላወራንም። የድሮውን ነጠላዋን ትለብስ የለ? አሁን ከበደኝ ብላ ሰጥታኛለች።

ስለ ውክልናው፣ አባዬ፣ እባክዎ አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ዑሙልኸይር


ከሚሴ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዑሙልኸይር

ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት።

ሙጂብ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «ገብተህ አይተሃታል?» አልኩት። አይቻታለሁ አለኝ። «እንዴት ናት?» አልኩት። የመኪናውን ጎማ በእግሩ ይመታ ጀመር። እየዞረ አራቱንም መታ። ከዚያ ሽንኩርቱ ይበላሽብኛል ብሎ ሄደ። አንቺ በወር ውስጥ ያልጻፍሽልኝን እሱ አንድ ቃል ሳይናገር ነገረኝ።

በማግስቱ ጀይላን ሱቅ ሄድኩ። «ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ ይዘህ ና» አልኩት፤ የፊታችን ቅዳሜ ማለት ነው። «ቀነሱ እንዴ አባ?» አለኝ። «ና ነው ያልኩህ» ብዬው ወጣሁ።

እሱ ባለው ዋጋ እሸጣለሁ። በአፌ አላወጣውም። የሰንበቴው ባልደረባዬ አብዱሰላም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይኖራል። ዋጋውን በፎጣ ሥር ለአብዱሰላም እጨብጣለሁ፣ እሱ ለጀይላን ይጨብጣል። ሙኽታር ቀነሰ የሚለውን ቃል የከሚሴ ሰው በጆሮው አይሰማውም።

ገንዘቡን ይዤ ራሴ እመጣለሁ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሁንላት። ይህን ለሐኪሙ ከአሁኑ ንገሪው። ውክልናውን ያሰርሽበት ምክንያት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምንም ይሁን፣ ፍቺውና ላኪ። እየለመንኩሽ ነው።

አባትሽ ሙኽታር


አዳማ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ

አባዬ፣ አላህ ጽናቱን ይስጥዎ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ ብሎ ሙጂብ አሁን ደወለልኝ። ባይዘጋ ኖሮ አብሬዎት እቀመጥ ነበር። ለየብቻችን አለቀስን።

የጠየቁኝን ሁሉ ዛሬ እመልሳለሁ። ወረፋም ሲስተምም አልነበረም። ዋሽቻለሁ። የውክልናው ጸሐፊ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቤት ድረስ መጥቶላት ነበር። እማ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችና አላወጣም አለች። «እጥበቱ ያቆየኛል እንጂ አያድነኝም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሙኽታር የት ሊገባ ነው? በሰው ቤት ከአከራይ ጋር አንድ ሳምንት አይከርምም» አለችን። ጸሐፊው እንኳ ሳቀ። እጥበቱንም የቀነሰችው እሷ ናት፤ ሐኪሙ አይደለም፣ ገንዘቡም አይደለም። ለእርስዎ እንዳልጽፍ በአላህ አስማለችኝ። ለጀይላን የደወልኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ገንዘብ ፊቷ ቢቀመጥ ሐሳቧን ትለውጣለች ብዬ።

እሷ ግን «እሱ አይቀንስም፣ ገዢው አይጨምርም፣ ቤቱ አይሸጥም» ብላ በእርስዎ ተማምና ነበር የተኛችው።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ረቡዕ ደረሰኝ። አታንብቢላት ብለውኝ ነበር፤ አነበብኩላት። ለእሷ ሲሉ ምን እንዳደረጉ ሳታውቅ እንዳትቀር ፈራሁ። ጨርሼ ሳያት «ይህን አንቺ ነሽ የጨመርሽበት» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ማንበብ ባትችልም የእጅ ጽሑፍዎን ታውቀዋለች። ብዙ ካየችው በኋላ «ሙኽታር አይቀንስም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያረፈችው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ቀበርናት።

ለጋሼ አብዱሰላም ደውዬ ጠዋት ሰብሰብ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩት ብዬ ለመንኩት። እንዴት ነገሩዎት? ብጠይቀው «አባትሽን ጠይቂ» አለኝ።

ልጅዎ ዑሙልኸይር


ከሚሴ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዑሙልኸይር

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ይማራት። ስለ ውክልናው የዋሸሽው ውሸት የእናትሽ ነው፤ አንቺን አልጠይቅሽም።

ጀይላን ተዕዚያው፣ ለቅሶው፣ ካለፈ በኋላ መጥቶ ነበር። በሐምሌ የጨበጥኩለትን ዋጋ ሙሉውን እከፍላለሁ አለኝ። ቤቱ አይሸጥም አልኩት። አልተከራከረኝም። አዲስ ምሰሶ አስመጥቻለሁ፤ ወለሉም ደርቋል።

የጠየቅሽኝን እነሆ። አርብ ነው የመጡት፣ ከሱብሒ በኋላ ገና ሳይነጋጋ። በሩን ስከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። አብዱሰላም ከፊት፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከኋላው፣ ጀይላን ከዘይቱኑ ሥር። መርዶ እንዲህ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም በስንቱ ደጅ በዚህ ሰዓት ቆሜያለሁ። ጀይላንን ሳይ ግን ሐሳቤ ወደ ቤቱ ሄደ። ለቅዳሜ ያልኩት ሰውዬ ቸኩሎ ባርብ መጣ አልኩ። ስልኩን በእጁ እንዳልያዘ አይቻለሁ። ለምን ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ግቡ» አልኳቸው። ማንም አልተቀመጠም። እኔም እንደ ልማዴ ዐይቡን ጀመርኩ፤ አዲስ ሽማግሌዎች ስላሉ እነሱም መስማት አለባቸው። ስንጥቁን ነገርኳቸው። ምስጡን ነገርኳቸው። ዘንድሮ ውኃው እስከ የት እንደደረሰ በግድግዳው ላይ በጣቴ አሳየኋቸው። አንዱ ሽማግሌ ጥምጣሙን ወደ ፊቱ ሳበ። «ምን ሆናችኋል? እውነቱን ነው የምነግራችሁ» አልኩ።

ከዚያ ፎጣዬን አውርጄ የአብዱሰላምን እጅ ከሥሩ ያዝኩ። የጀይላንን ዋጋ ጨበጥኩለት። በዕድሜዬ ጨብጬው የማላውቀው ነበርና ያልገባው መስሎኝ ደግሜ ጨበጥኩለት። አብዱሰላም ከእኔ ጋር ሲጨባበጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቴ ሳይዘጋ ነበር መልስ የሚሰጠኝ። ያን ቀን እጁ እጄ ውስጥ ዝም ብሎ ቀረ። አይጨብጥም፣ አይለቅም። ፊቱን ቀና ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ እናትሽ «አይቀንስም» ብላ ፊቷን ያዞረችው ተሳስታ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የሰንበቴ ሕግ ምን እንደሆነ ጽፌልሻለሁ፤ እሷም ታውቀው ነበር። አብዱሰላም አልመለሰልኝም። ዋጋው እንዳልተባለ ነው።

አልቀነስኩም።

አባትሽ ሙኽታር